ቆርቆሮ የሆነው በሬ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሕይወት ሁለት ሻንጣ አንጠልጥላ ከባሕር ዳር ወደ ማርቆስ መጣች። በዓል አይደል፣ ሠርግ አይደል፤ ፊቷን ሳየው ነገሩ ገባኝ። «እምዬ፣ ኮንትራቴ አለቀ፤ አላደሱልኝም» አለችኝ። አራት ዓመት የሠራችበት መሥሪያ ቤት ነው። «ቋሚ ነኝ ስትይን አልነበረም እንዴ?» አልኳት። «ቋሚ ሊያደርጉኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። ቋሚ! በእኛ ጊዜ ቋሚ የሚባለው ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ ነበር፤ እሱም ቢሆን መቋሚያውን ተደግፎ ነው። ይህን ብነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። በማግሥቱ ጠዋት ትንሽ ትናፈስ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ያ ሽታ ተቀበለኝ፦ ትኩስ ፉርኖ ዳቦ፣ ጠርዙ ትንሽ ያረረ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ምን ሆንሽ እምዬ?» አለች ደንግጣ። «ምንም አልሆንኩ። አያትሽ ሸተተኝ» አልኳት። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ያወራሁላትን ነው አሁን የምጽፈው፤ ለእሷ ያልነገርኳትንም ጨምሬ።

አያቷን፣ ጥሩነህን፣ ያገባሁት ጣሊያን ማርቆስ በገባ በማግሥቱ ዓመት ነው። እኔ የይጁቤ ልጅ ነኝ፤ እሱ የሲናን ሰው፣ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ አገር። ዲማ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ጦርነቱ ሲመጣ ጉባኤው ተበተነና ለመኖር ብሎ ማርቆስ ገባ። ያኔ ማርቆስ ዛሬ የምታዩት ከተማ አይደለችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ ሣር ቤት በሣር ቤት ላይ ተደግፎ፣ ከላይ ደግሞ የጣሊያን ምሽግ፣ መሐል ላይ የመኪና ጎማ ያቦካው ጭቃ። የዓረቡ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጣቃ አቡጀዲ ተደርድሮ፣ ጨው በቁና፣ ክር በሻሽ ተጠቅልሎ ይሸጣል። እኔ የአቡጀዲ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥለቱ ሽንብራ አበባ የሚመስል ኩታ ጣል አድርጌ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በዚያ ዕድሜ ባርነትንም ቢሆን የሚደብቅ ደስታ አለ፤ ይህን ስል ዛሬም ትንሽ አፍራለሁ።

ጥሩነህ ሥራ ያገኘው ፉርኖ ቤት ነው። ለጦሩ ዳቦ የሚጋገርበት ረጅም የድንጋይ ቤት ነበር፤ የተረፈውን ለከተማው ሰው ይሸጡታል። አለቃው አንድ ወፍራም ጣሊያን ነበር፤ ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ዳቦን በቋንቋው «ፓኔ፣ ፓኔ» ስለሚል ከተማው ሁሉ ፓኔ ይለዋል። ሊጥ ሲያቦካ ይዘፍናል፣ ሲናደድ ዱቄት ይበትናል፣ ነገር ግን እጁን በሰው ላይ አያነሣም፤ በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ማታ ማታ በሩን ሲዘጋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ «ዶማኒ ላቮሮ!» ነገ ሥራ አለ ማለቱ ነው። ጥሩነህ ቤት ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ፣ ያችን ቃል እየደጋገመ፣ ስሜን እየጠራ ይገባል። «ዶማኒ ላቮሮ፣ እንጉዳይ! ሰምተሻል? ነገ ሥራ አለ። ከነገ ወዲያም አለ። በየወሩ ደመወዝ አለ። ዝናብ ጠፋ፣ ዋግ መታው የሚባል ነገር የለም።»

የወር ደመወዝ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ይጁቤ ገበያ ስወርድ ሴቶቹ በእኔ ላይ ያወጡት ግጥም ነበር፤

ደመወዝ ደመወዝ ይላል ያገሬ ሰው፣
ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ማን ሊያቀምሰው።

እኔ ስቄ አልፋለሁ። ደመወዙ የሚከፈለው በጣሊያን ገንዘብ፣ በሊሬ ነው፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ ሊሬ አይነካም። ጠገራ ብር ወይም አሞሌ ካልሆነ ዶሮ እንኳ አይሸጥልሽም። አንዲት ቅቤ ሻጭ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ «እሳት ለመለኮሻ ይሆን ይሆናል እንጂ» ብላ እንደመለሰችልኝ ትዝ ይለኛል። ማርቆስ ውስጥ ግን በሊሬ ሁሉ ይገኛል፤ ስኳር፣ ጋዝ፣ የሸራ ጫማ። እኛም ማርቆስ ውስጥ ነበርን፤ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም አልታየንም።

የታየው ለባሌ እናት ነው። እማማ ውዴ በየአንዳንዱ ወር ከሲናን በእግሯ ትመጣለች፤ ገብስ፣ በሶ፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቅል ማር በአህያ ጭና። ቀጭን ናት፣ አጥንቷ የሚቆጠር፣ ግን ስትቀመጥ ቤቱ ይሞላል። ዐፄ እገሌ፣ ንጉሥ እገሌ፣ ራስ እገሌ ሲሾም ሲሻር ያየች ሴት ናት። «አንተ ጥሩነህ» ትለዋለች፣ «ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?»

«ማን? ፓኔ?»

«ፓኔም ይሁን ንጉሡ። ሁሉም እንግዳ አይደለም?»

«እማ፣ እንግዳ ድንጋይ ቤት አይሠራም። መንገድ አይቀድም። እነዚህ ለመኖር ነው የመጡ።»

«የመጣ ሁሉ ለመኖር ነው የሚመጣ። አንተ ግን እርሻህን አትተው። ወይኖና ቦራ ሥራ ፈትተው እየደለቡ ነው። በበጋ መጥተህ አርሰህ ተመለስ፤ ዘሩን እኔ እጥላለሁ።»

«ደመወዝ ያለው ሰው ጅራፍ ይዞ በሬ ሲከተል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም» ትላለች፣ «ደመወዝተኛ ሲያረጅም አላየሁም።»

ወይኖና ቦራ የአባቱ ጥማድ ናቸው። አባቱ ሲሞት ለእናትና ለልጅ የቀረው ያ ጥማድ በሬና የጮቄ ግርጌ ያለ ቁራጭ ማሳ ነው። አሁን ለሕይወት ያልነገርኳት ነገር ይመጣል። ከጎረቤታችን አንዱ፣ ለጣሊያኖች አናጢ የሆነ ሰው፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን እኔ ከሣር ቤታችን ደጃፍ ቆሜ ያን ድምፅ ሰማሁ። መቶ ከበሮ ባንድ ጊዜ የተመታ ይመስላል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከለከለኝ። ቆርቆሮ የሚሸጠው ነጋዴ ሊሬ ቢወስድም ለሙሉ ቤት የሚበቃ ደመወዝ የለንም። ታዲያ አንድ ቀን ጥሩነህ እግሩን ሲታጠብ፣ ውሃውን እያፈሰስኩለት፣ «ከሁለቱ በሬ አንዱ ቢሸጥስ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «እናቴ ትገድለኛለች» አለ። «ሁለቱም ካላረሱ አንዱ ምን ይሠራል? ሣር ይበላል» አልኩት። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ውሃ ድንጋይ እንደሚበሳው በሳሁት። መጨረሻ ላይ ሮብ ገበያ ሄዶ ቦራን ሸጠ፤ ነጋዴው ቆርቆሮውን አራግፎልን ሄደ። እማማ ውዴ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። መጣች፤ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችው፤ «ያበራል» አለች። ከዚያ ጥሩነህን፣ «አባትህን ሸጥከው» አለችው። እሱ ራሱን አቀረቀረ እንጂ «ሚስቴ ናት ያለችኝ» አላለም። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ሦስት ክረምት በዚያ ቆርቆሮ ሥር ከበሮዬን እያዳመጥኩ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

ከዚያ ዙሪያው እየጠበበ መጣ። አርበኞች መንገዱን ዘጉት፤ የዱቄት መኪና ቀረ። አንዳንድ ቀን አውሮፕላን ከረጢት ይጥላል፤ ግማሹ ይቀደድና ሜዳው ላይ ይነጣል። ዳቦው መጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ለከተማው ሰው መሸጡ ቀረ። ፓኔ መዝፈን አቆመ። ጥሩነህ ግን ሥራው የሚቀር አልመሰለውም፤ «ጦር ባለበት ዳቦ አይቀርም» ይላል። ዐቢይ ጾም ላይ ነን። አንድ ቀን ፓኔ እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ፣ «ዶማኒ ላቮሮ» አለው። በማግሥቱ ጥሩነህ ማልዶ ሲሄድ የፉርኖ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ምሽጉ ላይ ማንም የለም። ጦሩ ሁሉ ዓባይን ሊሻገር ወጥቶ ሄዷል። ባሌ ባዶው ቤት መሐል ብዙ ቆሞ ነበር አሉ። ወደ ቤት ሲመለስ በእጁ የያዘው አንዲት በጨርቅ የታሰረች ገንቦ ነው። «ምንድን ነው?» አልኩት። «እርሾው» አለኝ። ሌላው ሰው ከጣሊያን መጋዘን ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ጠመንጃ ሳይቀር ሲሸከም የእኔ ሰው እርሾ ይዞ መጣ።

ከተማው ባንድ ጊዜ ተደበላለቀ። እልልታም አለ፣ ተኩስም አለ። ለጣሊያን ያደረ ሁሉ እየተፈለገ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ልብሳችንን ጠቅልለን ወደ ሲናን ተነሣን። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ጎፈሬው ትከሻው የደረሰ አንድ አርበኛ ከነጓዶቹ መንገድ ይዞ ሰው ይጠይቃል። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ተራ በተራ፣ «የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» እያሉ ያልፋሉ። የጥሩነህ ተራ ደረሰ።

«አንተስ ማነህ?»

«ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።»

«ለማን?»

«ለጣሊያን።»

ኩታውን ከኋላ ጎተትኩት። አርበኛው ወደ ጓዶቹ ዞሮ ሳቀ። «ተመልከቱ! ከጠዋት ጀምሮ ያለፈው ሰው ሁሉ የውስጥ አርበኛ ነው። ታዲያ ጣሊያንን ይህን ሁሉ ዓመት ማን አኖረው እያልኩ ስገረም ነበር። ተገኘ!» አለና ገንቦዋን ከፍቶ አሸተተ። አፍንጫውን ያዘ። «ሂድ። እናትህ ካለች እናትህ ጋ ሂድ፤ እዚህ ግን አትታይ።» ዳገቱን ስንጀምር ጥሩነህ የገንቦዋን ጨርቅ መልሶ አሰረ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከማርቆስ የመጣ ሰው ቆርቆሯችን ተነቅሎ እንደተወሰደ ነገረን። ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ለማልቀስ እንኳ አፈርኩ።

እማማ ውዴ «ብያችሁ ነበር» አላለችም። ጎተራዋን ከፈተች። ገብስ አለ፤ ለዘር የተለየው ለብቻው በጭቃ ተመርጎ ተቀምጧል፤ ሁለት ስልቻ ስንዴም አለ። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ማረሻው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ማረሻው ዝገት እንዳይበላው በየዓመቱ ቅባት ትቀባው ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው በሬ። በአንድ በሬ አይታረስ። ሁለት ጎረቤት በሬያቸውን አቀናጅተው ተራ በተራ ማረስ በአገራችን የቆየ ነው፤ መቀናጆ ይሉታል። ከደብሩ በታች ካሉት ጎረቤቶች አንድ በሬ ያለው ሰው ደግሞ አያ ታከለ ብቻ ነው። የአያ ታከለ የበኩር ልጅ፣ አዱኛ፣ ከአርበኞች ጋር ወርዶ ባለፈው ዓመት ግንቦት ማርቆስ ምሽግ ሥር ሞቷል።

ፋሲካ አለፈ፤ የእርሻው ጊዜ ደረሰ። ጥሩነህ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አያ ታከለ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ያለሰልሳል። ጥሩነህ ጎንበስ ብሎ፣ «አያ ታከለ፣ እንደ አባቴ ጊዜ በሬዎቻችንን እናቀናጅ ብዬ ነው የመጣሁ። መጀመሪያ የእርስዎን እንረስ» አለ።

አያ ታከለ ከጠፍሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ተናገረ። «ልጄን የተኮሰው ወታደር፣ ያን ቀን ጠዋት የበላው የማንን ዳቦ ነው?»

ጥሩነህ እጅ ነሥቶ ወጣ። ቤት ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሁለተኛው ቀን እኔ አልቻልኩም። እማማ ውዴ ገብስ ስታበጥር አጠገቧ ተንበረከክሁና፣ «እማማ፣ ቦራን ያሸጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እንቢ ብሎ ነበር። ቆርቆሮ አምሮኝ ነው» አልኳት። ሰፌዱን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «የእኔ ልጅ በሬ ለመሸጥ ብቻውን የሚበቃ ድፍረት የለውም።» ቀጥላ፣ «እኔም ባንቺ ዕድሜ ዶቃ አምሮኝ ፍየል አስሸጥኩ። ተነሺ፤ ጉልበትሽ ይቆሽሻል» አለችኝ። ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን ድንጋይ በሁለት ቃል አወረደችልኝ። ነፍሷን ይማር፤ ያን ቀን ነው ልጇ የሆንኩት።

የአዱኛ ሙት ዓመት ደረሰ። እማማ ውዴ በለቅሶውም በአርባውም ከዚያ ቤት አልጠፋችም ነበር፤ አሁንም ጠላ ለመጥመቅ ከሳምንት በፊት ሄደች። ጥሩነህ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ገደል ቆፍሮ፣ ድንጋይ ሰድሮ፣ በጭቃ መርጎ ምድጃ ሠራ። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም፤ ጭቃ አቀበልኩት። ያችን እርሾ በየሁለት ቀኑ ዱቄት እያበላ አቆይቷት ነበር። እናቱን ለተዝካሩ ዳቦ ስንዴውን ለመናት። «ቢመልሱብህስ?» አለችው። «ተሸክሜ እመለሳለሁ» አላት። ስልቻውን እራሷ ፈታችለት። በተዝካሩ ጠዋት አርባ የሚያህል ዳቦ ከዚያ የጭቃ ምድጃ ወጣ። በማርቆስ ያልጋገረው ዓይነት ዳቦ ነበር፤ የሊጡ መሐል ላይ በእጁ መስቀል ቀርፆበታል። በሁለት እንቅብ ተሸክመን የአያ ታከለ ዳስ ደጃፍ ስንደርስ ቄሶቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። አያ ታከለ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ።

«ይህ ያው የእነሱ ዳቦ ነው?» አለ።

«እርሾው የእነሱ ነው» አለ ጥሩነህ። «ስንዴው የእናቴ ነው።»

«እጁስ?»

«እጁ የእኔ ነው። ለእነሱም የጋገረው ይኸው እጅ ነው። አያ ታከለ፣ ስለ አዱኛ የምለው የለኝም። የማውቀው ሥራ ይህ ብቻ ስለሆነ ይዤ መጣሁ።»

አያ ታከለ አንዱን ዳቦ አነሣ። አገላበጠው፤ መስቀሉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አልቆረሰውም። ወደ እንቅቡ መለሰና፣ «ለነዳያኑ አድርሰው። በስሙ ይብሉለት» አለ። እሱ ራሱ አልቀመሰም፤ እኛንም ግቡ አላለንም። ነዳያኑ ከዛፉ ሥር ተደርድረው ነበር፤ ጥሩነህ በየእጃቸው እየሰጠ «ስለ አዱኛ» ይላል፤ እነሱም «ነፍስ ይማር» ይላሉ። አርባ ጊዜ ያህል ተናገረው። ሲጨርስ ባዶውን እንቅብ ይዞ ፊቱን ወደ ጮቄ አዙሮ አለቀሰ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሕይወትን ሳያት፣ ጋዜጣ ይዛ ሥራ ስትፈልግ ስትውል፣ ምን እንደምላት ግራ ይገባኛል። አያትሽ በኋላ ማርቆስ ተመልሶ የራሱን ዳቦ ቤት ከፈተ፣ አባትሽን በዳቦ አሳደገ፣ ግን በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ በሩን ዘግቶ ሲናን ይወጣና ያርስ ነበር፤ ዳቦ ፈላጊው ሲያማርር፣ «ታገሡ፤ ዳቦውን ልዘራ ነው የምሄደው» ይላል፤ ይህን ነገርኳት። ሙያም ያዢ፣ መሬት የሚመስል ነገርም ይኑርሽ አልኳት። «መሬት ከየት አመጣለሁ እምዬ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ያለፍንበት በር ለእሷ አልተቀመጠላትም፤ የራሷን መፈለግ አለባት። እኔ የማውቀው የእኛን ብቻ ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ያለው ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ሌሊቱን አካፍቶ አባርቷል። እማማ ውዴ አመድ ልትደፋ ወጥታ ነበርና «ጥሩነህ!» ብላ ስትጣራ ሁለታችንም ዘለን ወጣን። አያ ታከለ ከግቢያችን መግቢያ ላይ ቆሟል። ገመድ ይዟል፤ ከገመዱ ጫፍ ትልቅ ቀይ በሬው ቆሟል፤ ትንፋሹ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። ጥሩነህ ባዶ እግሩን እርጥቡ ሣር ላይ ቆመ። እናቱ ወደ ቤት ገባች፤ ማረሻውን ልታወጣ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳያት የነጠላዋ ጫፍ እርጥብ ነው። አያ ታከለ ስለ ልጁም፣ ስለ ዳቦውም፣ ስለ ጣሊያንም አንዳች አላነሣም። ገመዱን ለጥሩነህ ዘረጋለትና እንዲህ አለው፦

«ይህ በሬ በቀኝ በኩል ነው የለመደ። በግራ ከጠመድከው አይሄድልህም።»